ጓርኒሲዮንና ጋስኬት

ቀፊራ ገበያ አካባቢ መኪናው ቆሞበት መካኒክ ያስጠራ ሰው፣ ጆሮውን ከፈት ካደረገ በአንድ ጥገና ውስጥ የመቶ ዓመት ታሪክ ይሰማል። መካኒኩ መጀመሪያ «ክሪክ አምጣ» ይላል፤ ክሪክ ፈረንሳይኛ ነው። ቀጥሎ ኮፈኑ ይከፈትና ቴስታታው፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ካንዴላው፣ ቺንጋው፣ ኩሽኔታው፣ ፍሪሲዮኑ ተራ በተራ ይጠራሉ፤ ይኼ ሁሉ ጣሊያንኛ ነው። መኪናው አዲስ ቢጤ ከሆነ ደግሞ መጨረሻ ላይ «ሴንሰር ሳይሆን አይቀርም፣ በኮምፒዩተር ይታይ» ይባልና እንግሊዝኛው ይገባል፤ ያን ጊዜ ባለመኪናው ኪሱን መዳበስ ይጀምራል። ፈረንሳይኛው ከባቡሩ ጋር መጣ፣ ጣሊያንኛው ከካሚዮኑ ጋር፣ እንግሊዝኛው ደግሞ፣ ነገሩ ትንሽ ግራ ቢያጋባም፣ ከጃፓን መኪና ጋር ገባ። (ፖርቶመጋላ የሚለውን ቃል ግን እኛ ድሬዎች ለማንም አንሰጥም። ጣሊያኖች «ፖርታባጋሊ» ከሚሉት የዕቃ መጫኛ የመጣ ነው ይላሉ የሚያውቁ። መጋላ የሚባል ሰፈር ያለው ሰው ይህን እንዴት አምኖ ይቀበላል?)

ስለ ሹፌር ብዙ ተዘፍኗል፣ ብዙም ተወርቷል። ከመኪናው ሥር በጀርባው ተኝቶ ስለሚውለው ሰው ግን ያን ያህል አልተባለም። እኔ ዛሬ የማነሣው እሱን ነው። መኪና ጠጋኝ መሆን በዚህ አገር እንደ ሌላው ሙያ ሁሉ መሰላል ነበረው ወይ? ከነበረውስ ማን ወጣበት?

የመጀመሪያዋ መኪና ምኒልክ ዘንድ የደረሰችው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ መንገድ በሌለበት አገር በመከራ እየነዳ አዲስ አበባ አስገባት። በዚያው ሰሞን ሆልትዝ የሚባል ጀርመናዊም የራሱን መኪና ይዞ ከተፍ አለ። ንጉሡ መኪና ያለ ጠጋኝ ብረት ብቻ መሆኑ ወዲያው የገባቸው ይመስላል፤ ብዙም ሳይቆይ ተሰማ እሸቴ፣ ኋላ ነጋድራስ የተባሉት፣ የመኪና ሙያ እንዲማሩ ወደ ጀርመን ተላኩ። ታዲያ ተሰማን ዛሬ የምናውቃቸው በምንድን ነው? እዚያው ጀርመን ሳሉ ድምፃቸውን በሸክላ ባስቀረጹት ዘፈን ነው። ሸክላው ታሪክ ሆነ፤ መካኒክነታቸው እንደ ቀልድ በጎን የሚወሳ ነገር ሆኖ ቀረ። ይኼ እንዲያው አጋጣሚ ብቻ አይመስለኝም።

ድሬዳዋ ላይ ነገሩ በሌላ መንገድ ነው የጀመረው። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ሐረር ተራራ ላይ ስለሆነች ሐዲዱ ወደዚያ አልወጣም፤ ከተራራው ሥር አዲስ ከተማ ተቆረቆረ፣ «አዲስ ሐረር» ተባለ፣ ስሙ ግን አልያዘም። የመጀመሪያው ኩባንያ ገንዘብ አልቆበት ከሰረና ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሆነ። በመሀሉ ባሉት ዓመታት ድሬ ለረጅም ጊዜ የመስመሩ መጨረሻ ሆና ቆየች፤ ትልቁ ጥገና ቤትም፣ ፈረንሳዮቹ አትሊዬ የሚሉት፣ እዚሁ ለገሃሩ አጠገብ ተተከለ። ቶርኖው፣ ብረት ማቅለጫው፣ አንጥረኛ ቤቱ፣ አናጢ ቤቱ፣ ሁሉም በአንድ ግቢ። ከፈረንሳይ የሚታዘዝ ዕቃ በመርከብ እስኪመጣ ባቡር ቆሞ ሊጠብቅ አይችልም፤ ስለዚህ የተሰበረውን አይቶ ሌላ መሥራት የአትሊዬው የዕለት ሥራ ነበር። በእንፋሎት የሚሄደው ቀርቶ በናፍታ የሚሄደው ሲመጣም ያው እጅ ነው የተቀበለው።

አትሊዬው መሰላል ነበረው። ልጁ ለማጅ ሆኖ ይገባል፣ ብዙውን ጊዜም አባቱ ወይ አጎቱ እዚያው የሚሠራ ነው። ፋይል ማድረግ፣ መለካት፣ መበየድ ይማራል፤ ፈረንሳይኛውን ከብረቱ ጋር አብሮ ይይዛል። ደረጃ ነበር፣ ደረጃው ደመወዝ ነበረው፣ ደመወዙ መጨረሻ ላይ ጡረታ ነበረው። የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር በ1955 ዓ.ም. ዕውቅና ከማግኘቱ በፊት እንኳ የባቡር ሠራተኞች የራሳቸው ማኅበር ነበራቸው። ድሬ ውስጥ «የሼማንደፈር ሠራተኛ ነው» ማለት ዱቤ የማይከለከል፣ ልጁን ትምህርት ቤት የሚልክ፣ ሲያረጅ ከዚራ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ በፈረንሳይኛ የሚከራከር ሰው ማለት ነበር። ከእነዚህ ሰዎች አንዳንዶቹን አውቃለሁ፤ አሮጌው መስመር ከቆመ ዓመታት ካለፉም በኋላ ስለ አንድ ፒስቶን ሲያወሩ ስለ ቤተ ዘመድ የሚያወሩ ነው የሚመስሉት።

መኪናው በብዛት የመጣው ግን ከጣሊያን ጋር ነው። ጦሩ በግንቦት 1928 ዓ.ም. ድሬዳዋን ሲይዝ መንገዱ ተጠረገ፣ ካሚዮኑ ጎረፈ፣ ከካሚዮኑም ጋር ሜካኒኮው፣ ጎሚስታው፣ ላሜራ ቀጥቃጩ መጣ። «ትሬንታ ኳትሮ» የምንላት ፊያት 634 ካመጣት መንግሥት ብዙ እጥፍ ዕድሜ ነው ያገኘችው። በወረራው ዘመን ሐበሻው ዕቃ ከማቀበልና ከማጠብ ብዙም አላለፈም፤ ዓይኑን ግን ማንም አልከለከለውም። እንግሊዞች በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ሲገቡ ጣሊያኖቹ ሁሉ አልሄዱም። የቀሩት ጋራዥና ሆቴል ከፈቱ፤ ግሪኩም አርመኑም በየፊናው ይሠራ ነበር። ዕቃ አቀባዩ ልጅ ቀስ በቀስ መካኒክ ሆነ፣ የተወሰነውም የራሱን ጋራዥ ከፈተ። ኋላ ፊያት 682፣ በተለምዶ ስሟ ኤንትሬ፣ የአገሩን ጭነት ሁሉ ስትሸከም በየመንገዱ የሚጠግናት የዚያ ልጅ ልጅ ነበር።

እዚህ ላይ ነው መንገዱ ለሁለት የተከፈለው። አትሊዬው መሰላሉን ይዞ ቀጠለ፤ የሰፈር ጋራዡ መሰላል አልነበረውም፤ የነበረው ጌታና ልጅ ነው።

ልጁ እንዴት እንደሚማር ላስረዳ፤ ዛሬም ብዙ አልተለወጠም። መጀመሪያ ብሎን በቤንዚን ያጥባል። ይኼ ሥራ ቢመስልም ትምህርት ነው፤ ያጠበውን ብሎን ከየት እንደተፈታ ካላስታወሰ ጥፊ አለ። ቀጥሎ የመፍቻ ቁጥር ይማራል። «13 አምጣ!» ሲባል 12 ያመጣ ልጅ ቀኑን ሙሉ ይሰደባል። (ለነገሩ በቁጥሩ ውስጥም ታሪክ አለ፤ የፊያት ካሚዮን ጠጋኝ ሳጥኑ ውስጥ በብዛት የሚለፋው 13 እና 17 ቁጥር ነው፣ የቶዮታ ጠጋኝ ግን 12 እና 14። የአንድን መካኒክ ዕድሜ ማወቅ ከፈለጋችሁ የትኛው መፍቻው እንደተበላ እዩ።) ከዚያ ጎማ፣ ከዚያ ፍሬን፣ ከዚያ ካምቢዮ ማውረድ፣ ከዚያ ሞተር። ስንት ዓመት ይፈጃል? ጌታው እስኪበቃው ድረስ ነው። ደመወዝ የለም፤ የምሳ አለ፣ የቅዳሜ ኪስ ገንዘብ አለ። የሠራተኛ ሕጋችን የሙያ መልመጃ ውል በጽሑፍ ይሁን ይላል፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ደግሞ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይቀጠር ይላል። ቀፊራ አካባቢ ቆማችሁ «ውልህ የታለ?» ብትሉት ልጁ ምን ጠፋብህ ያልኩት ያህል ግራ ገብቶት ነው የሚያያችሁ።

ሦስተኛው መንገድ የወኪሎቹ ነው። ሞኤንኮ በ1951 ዓ.ም. ገደማ ተቋቋመ፤ ቶዮታ የሚባለውን ስም ከአገሩ ጋር ያላመደው እሱ ነው። ሰፈሪያን ቮልስዋገንን፣ ኋላ ደግሞ ኒያላ ኒሳንን ያዘ። አምቼ የፊያትን ካሚዮን እዚሁ መገጣጠም ጀመረ፤ ስሙ ከመኪናው አልፎ ለሰው መጠሪያ እስኪሆን ድረስ። እነዚህ መኪናውን ሸጠው የሚተዉ አልነበሩም። ዕቃው ከነካታሎጉ፣ መካኒኩ ከነሥልጠናው ይመጣ ነበር። መካኒኩን የሚወስዱት ከትምህርት ቤት ነው፤ በተለይም በ1934 ዓ.ም. ከተከፈተው ከተግባረ ዕድ። ወኪሉ ጋር የሚሠራ ሰው ቱታ አለው፣ ደረጃ አለው፣ ኮርስ ይላካል፣ ፈተና ያልፋል፣ ከረዳት ወደ ቴክኒሺያን፣ ከቴክኒሺያን ወደ ፎርማን ይወጣል። ባለመኪናውን አያየውም። ባለመኪናው የሚያወራው ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ቅጽ ከሚሞላው ጋር ነው፤ መካኒኩ ዘንድ የሚደርሰው ወረቀቱ ነው። ቀፊራ ግን ባለመኪናው ከመካኒኩ ራስ በላይ ቆሞ ጥላውን እየጣለበት «አሁንስ አላለቀም?» ይለዋል። መለዋወጫውንም ራሱ ገዝቶ ያመጣል፤ ሳንቲም እንዳይጨመርበት።

የትኛው ይሻላል? በወኪሉ ቤት የሚሠራ ወዳጄ አንድ ጊዜ «እኛ የምናውቀው መለወጥ ነው፣ እነሱ የሚያውቁት መጠገን» ብሎኛል። ነገሩን ያጋነነው ይመስለኛል፤ የሠለጠነ ቴክኒሺያን መላ ከሚመታ ሰው ይልቅ የብዙ ሰው ነፍስ አድኗል። ከድሬ ወደ ሐረር የሚወጣውን የደንገጎን ጠመዝማዛ የሚያውቅ ሁሉ፣ ተመልሶ ሲወርድ ፍሬኑ በግምት የተሠራ መኪና ውስጥ መቀመጥ አይፈልግም። ቢሆንም ወዳጄ ያለው ነገር ታሪክ አለው።

በ1967 ዓ.ም. ትልልቆቹ ኩባንያዎች ሲወረሱና የውጭ ምንዛሪ ሲጠፋ መለዋወጫ የሚባል ነገር ብርቅ ሆነ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ደግሞ የሶማሊያ ጦርነት ድሬ ደጃፍ ድረስ መጣ፣ ባቡሩም ተቋረጠ። መኪናው ግን መሄድ ነበረበት። ያን ጊዜ ነው የሰፈሩ ጋራዥና የአትሊዬው እጅ እንደገና የተገናኙት። ፔጆ 404 በሐረርና በድሬ ታክሲ ሆና ፈረንሳይ ማምረቷን ካቆመች በኋላ ስንት ዓመት እንደሠራች ያያት ያውቃል። ያን ሁሉ ዘመን በዕቃ ብቻ አልኖረችም። ቡሽው ቶርኖ ቤት ይቀረጻል፤ ባሌስትራው ከሌላ መኪና ተቆርጦ ይገባል። የካርቡራቶሪው ወይ የውኃ ፖምፓው ጓርኒሲዮን ደግሞ በእጅ ነው የሚሠራው፤ ወፍራሙን ወረቀት ብረቱ ላይ ታነጥፉና በትንሽ መዶሻ ጠርዝ ጠርዙን ቀስ እያላችሁ ትመታላችሁ፤ ወረቀቱ ራሱ በብረቱ ልክ ይቆረጣል። መቀስ የለም፣ መለኪያ የለም። ልጅ ሆኜ ይህን ሲሠሩ ማየት ከሲኒማ ይበልጥብኝ ነበር።

ይህንን ጥበብ ከሚያውቁት አንዱ፣ ቀፊራን አለፍ ብሎ ትንሽ ጋራዥ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። ድሬ አንቱታ አታውቅም ይባላል፤ እውነት ነው፣ እሳቸውን ግን ልጆቹ ሁሉ «ጋሼ» ነው የሚሏቸው፣ እኔም እንደዚያው። መንግሥት ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ባወጣው የቴክኒክና ሙያ ሥርዓት መሠረት ትምህርት ቤት ያልገባ፣ በሥራ ላይ የተማረ ሰውም ተመዝኖ ማረጋገጫ ማግኘት ይችላል። ሲኦሲ የሚባለው ነው። መልካም ሐሳብ ነው፤ ለዘመናት የተረሳውን ሰው ያስታወሰ ሐሳብ ነው። እንዲያውም ለእንደሳቸው ያለ ሰው የተሠራ ነበር የመሰለኝ።

«ጋሼ፣ ለምን አይመዘኑም?» አልኳቸው።

«ተመዝኛለሁ» አሉኝ። «ተግባሩን ሠራሁ። ሞተር ፈትቼ ገጠምኩ፣ ተነሣ። ጽሑፉ ላይ ስንደርስ ልጁ አነበበልኝ፤ ጋስኬት ለምን ይጠቅማል? ይላል። ጋስኬት የሚባል አላውቅም አልኩት። ሌላም ሌላም ጠየቀኝ፣ አላውቅም፣ አላውቅም። ስወጣ አንዱ ተማሪ ነገረኝ፤ አቦ፣ ጓርኒሲዮን ነው ለካ! አርባ ዓመት በመዶሻ ስቆርጠው የኖርኩትን አታውቅም ብለው ሰደዱኝ።»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ኋላ ግን ነገሩ ሲብላላብኝ ሳቁ ጠፋ። ሰውየው አልወደቁም፤ የወደቀው ቃሉ ነው። ቃሉን የሚያውቀው ልጅ ደግሞ ኮሌጅ ውስጥ በሥዕል ያየው ሊሆን ይችላል፤ ወኪሎቹም ሆኑ የእርዳታ ድርጅቶቹ ሰው ሲቀጥሩ መጀመሪያ የሚያዩት ወረቀቱን ነው። ድሬ ለእርዳታ ድርጅቶች መናኸሪያ ከሆነች ወዲህ የአንድ መካኒክ ትልቁ ሕልም የእነሱን ላንድክሩዘር መጠገን ነው፤ ደመወዙ ይሻላል፣ ሕክምና አለው። ሽማግሌው ያስተማሯቸው ልጆች፣ ወረቀት ያገኙት፣ እዚያ ገብተዋል። እሳቸው ውጭ ናቸው።

ባሕር ማዶም ገነት አይደለም፤ ይህን የምለው ለማጽናናት አይደለም። ከአሜሪካ ለዕረፍት የመጣ የድሬ ልጅ፣ እዚያ በአንድ መኪና ሻጭ ድርጅት የሚሠራ፣ አከፋፈሉን ሲያስረዳኝ ጊዜ ወስዶብኛል። ደመወዙ በዋለበት ሰዓት አይደለም። ለእያንዳንዱ ጥገና መጽሐፍ ላይ የተጻፈ ሰዓት አለ፤ ይኼ ሥራ ሁለት ሰዓት ነው ካለ፣ በአንድ ሰዓት ቢጨርሰውም በአራት ሰዓት ቢጨርሰውም የሚከፈለው የሁለት ሰዓት ነው። በዋስትና ጊዜ ውስጥ ላለ መኪና ደግሞ ፋብሪካው የሚፈቅደው ሰዓት ያንሳል። መኪና ካልመጣ ቁጭ ብሎ መዋል ነው። መፍቻውን የሚገዛው ራሱ ነው፤ ዕቃ ሻጩ በየሳምንቱ በመኪና ደጃፉ ድረስ እየመጣ በዱቤ ይሰጠዋል። «የመፍቻ ዕዳ አለብኝ» ሲለኝ የቀለደ መስሎኝ ነበር። እኛ ቁርጥ የምንለው ማለት ነው፤ ልዩነቱ የቀፊራው መካኒክ ቁርጡን ራሱ ይከራከራል፣ እሱ ግን ከመጽሐፉ ጋር መከራከር አይችልም። አንድ ነገር ግን አለው። እ.ኤ.አ. በ1972 የተቋቋመው የመካኒኮች መመዘኛ ድርጅት የሚሰጠውን ወረቀት ይዞ የትኛውም ግዛት ቢሄድ «ማነህ?» አይባልም። ሲያረጅም የሚከተለው መዝገብ አለ።

ይኼ የማርጀት ነገር ነው ከሁሉም የሚከብደኝ። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ፣ ቁጥር 715፣ በ2003 ዓ.ም. ሲወጣ ወኪሉ ጋር የሚሠራው ቴክኒሺያን መዝገብ ውስጥ ገባ፤ ኋላ በተደረሰበት ተመን ከደመወዙ 7 በመቶ እሱ፣ 11 በመቶ አሠሪው። የባቡሩ ጡረተኛ ቀድሞውኑ ነበረው። የሰፈሩ መካኒክ ግን አሠሪ የለውም፤ ረዳቱም በውል አልተቀጠረም። ወገቡን በሲሚንቶ ላይ ሲያስተኛ የኖረ፣ ጣቶቹ በቤንዚን የተሰነጣጠቁ ሰው ዓይኑ ብሎን ማየት ሲያቅተው የሚሄድበት ቢሮ የለም። ያስተማራቸው ልጆች ካስታወሱት እሰየው፤ ድሬዎች ለዚህ አንታማም፣ ግን ይኼ ቸርነት እንጂ መብት አይደለም።

አሁን ደግሞ አራተኛው ቋንቋ እየመጣ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ፤ ይህን በማድረግ ከዓለም የመጀመሪያው ነው። በኤሌክትሪክ የሚሄደው መኪና ካንዴላ የለውም። ፍሪሲዮን የለውም፣ ማርሚታ የለውም፣ ሰልባትዮ የለውም፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን የለውም። የቀረው ጎማ፣ ፍሬን፣ ኩሽኔታ ነው። ባትሪው ደግሞ የምናውቀው ባትሪ አይደለም፤ በብዙ መቶ ቮልት የሚቆጠር ነው፣ ብርቱካንማ የተቀባውን ገመድ ያለ ሥልጠና የነካ ሰው ሁለተኛ አይነካም። ወኪሎቹ ልጆቻቸውን ያሠለጥናሉ፣ ማሠልጠንም አለባቸው። ቀፊራን ማን ያሠለጥናል? መኪናው የዋስትና ዘመኑን ሲጨርስ የሚመጣው እዚሁ ነው፤ ትሬንታ ኳትሮም፣ ፔጆም፣ ቶዮታም እንደዚያው ነው የመጡት። ከተማዋ ውስጥ የኢትዮ ኢጣሊያ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ አለ፣ የባቡሩ አሮጌ አትሊዬ ከነቶርኖው አለ፣ ዕውቀቱን በእጃቸው የያዙ ሰዎች አሉ። የማታ ኮርስ ለመክፈት፣ መጠይቁን መካኒኩ በሚያውቀው ቃል ለመጻፍ ይኼን ያህል ገንዘብ የሚጠይቅ አይመስለኝም፤ ከጋስኬት ጎን በቅንፍ ጓርኒሲዮን ብሎ መጨመር ቀለም እንጂ በጀት አይፈጅም።

የሽማግሌው ረዳት የሃያ ዓመት ልጅ ነው። ስልኩ ላይ የሚገጥመው ርካሽ መመርመሪያ ገዝቷል። ባለፈው አንድ ቪትስ እየተንገጫገጨች መጣች፤ እሱ ሰክቶ አነበበና «ፒ ዜሮ ሦስት ዜሮ ዜሮ» አለ፤ ሞተሩ በየተራ እሳት እየሳተ ነው ማለት ነው። ሽማግሌው ራቅ ብለው ቁጭ እንዳሉ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው «ካንዴላ ነው፣ ሁለተኛዋን ፈትተህ እያት» አሉት። ፈትቶ አያት፤ ጠቁራለች። ለውጦ አስነሣት። ልጁ የምዘናውን ፎርም በዚያ ሳምንት ሞልቶ አስገብቷል። ለሽማግሌውም አንድ ፎርም አምጥቶላቸው ነበር፤ የዘይት ጣሳው ሥር አስቀምጠውታል።